የስንዴ ቢራ መገንፈልና የጠማቂዎች ብልሃት

በአማርኛ ውሃ በእሳት ላይ ሲንተከተክ «ፈላ» ይባላል፤ ጠላም በጋን ውስጥ ያለ አንዳች እሳት ሲንተከተክ እንዲሁ «ፈላ» ይባላል። የጥንት ሮማውያንም የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። ዛሬ የኤውሮፓ ሊቃውንት «ፌርመንቴሽን» የሚሉት ቃል የተወለደው «ፌርቬሬ» ከሚባለው የላቲን ግሥ ሲሆን ትርጉሙም መፍላት ማለት ነው። እርስ በርሳቸው ያልተመካከሩ ሁለት ሕዝቦች በአንድ ቃል መገናኘታቸው የሚያስገርም አይደለም፤ ሁለቱም ያዩት አንድ ነገር ነውና። ይሁን እንጂ የሳይንስ መጻሕፍታችን «ነጥበ ፍላት» የሚለውን ስያሜ በእሳት ለሚፈላው ስለ ሰጡ፣ በዚህ ጽሑፍ የእርሾውን ሥራ «መብላላት»፣ አረፋው ከዕቃው አልፎ መፍሰሱን ደግሞ «መገንፈል» እንለዋለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከቢራ ዐይነቶች መካከል በመገንፈል የታወቀው በደቡብ ጀርመን፣ በባቫሪያ ምድር የሚጠመቀው የስንዴ ቢራ ነው። ይህ ቢራ ከብቅሉ ቢያንስ ግማሹ የስንዴ ብቅል ሲሆን፣ የሚብላላውም ወደ ላይ በሚንሳፈፍ የእርሾ ዐይነት ነው። የሙዝና የቅርንፉድ ሽታ ያለው በመሆኑ የቀመሰው ሰው ከሌላው አያምታታውም። ታሪኩ በአብዛኛው የሚጻፈው እንደ ነገሥታት፣ እንደ ግብርና እንደ ንግድ ታሪክ ነው። ለመሐንዲስ ግን ከዚህ ሁሉ ሥር አንድ ሌላ ጥያቄ ይታየዋል፤ ይኸውም ሙቀትንና ጋዝን ከራሱ የሚያመነጭን ነገር ሳያፍኑ እንዴት ይገዙታል? የሚለው ነው።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ጥያቄውን የተማረው ከመጽሐፍ አይደለም። ለትምህርት በጀርመን አገር በቆየበት ጊዜ፣ በተከራየው ቤት ማድቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የስንዴ ቢራ ጠመቀ። 20 ሊትር በሚይዝ የፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ 19 ሊትር የብቅል ጭማቂ ጨመረ፤ ጭማቂው ገና 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳለ እርሾውን በተነበት፤ ክዳኑን አጥብቆ ገጠመ፤ በክዳኑም ቀዳዳ ላይ ጋዝ የምታስወጣ፣ አየር ግን የማታስገባ ውሃ ያዘለች ትንሽ ቧንቧ ተከለ። ከዚያም የተማረ ሰው ሥራ ነው ብሎ አምኖ ተኛ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የጥይት ድምፅ የመሰለ ነገር ቀሰቀሰው። አረፋው የሆፕስ ቅጠል ፍርፋሪ ይዞ ወደ ላይ ወጥቶ የቧንቧዋን ጉሮሮ ደፍኖታል፤ መውጫ ያጣው ጋዝ ክዳኑን ነቅሎ ከጣሪያው ጋር አላትሞታል፤ ግድግዳው፣ ምድጃውና የወንበሩ ልብስ ሁሉ ቢጫ ሆኗል።

በማግሥቱ ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በቢራ ጠመቃ ሥራ ፈጽመው በጡረታ የተገለሉ አንድ ሽማግሌ ሽታው ስቧቸው መጡ። ጣሪያውን ቀና ብለው ተመለከቱ፤ አልሳቁም። «ልጄ፣ እርሾውን ስትጨምር ስንት ዲግሪ ነበር? ከላይስ ስንት ጣት ቦታ ተውክለት?» ብለው ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ስንዴ ቢራ የተነበበው ሁሉ ወደ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የሚመለስ ሆኖ ተገኝቷል።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። 20 ሊትር መካከለኛ ውፍረት ያለው የብቅል ጭማቂ 2.5 ኪሎግራም ያህል የሟሟ ስኳርና ሌላ ነገር ይዟል። እርሾ ከዚህ ውስጥ 1.6 ኪሎግራም ያህሉን ይበላል። አንዱ ኪሎግራም ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለወጥ 140 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ስለሚለቅ፣ የባልዲው ጠቅላላ ሙቀት ከ220 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይሆናል። ይህም አንዳች ሙቀት ወደ ውጭ ባይወጣ ኖሮ ጭማቂውን በ11 ዲግሪ ያህል ከፍ ማድረግ ይችላል። የሚወጣው ጋዝ ደግሞ በክፍል ሙቀት ሲለካ ወደ 400 ሊትር ይጠጋል፤ ማለት የባልዲውን ይዘት ሃያ ጊዜ የሚሞላ ነው። መብላላቱ በበረታ ጊዜ የዚህ ጋዝ ግማሹ በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ ሊወጣ ይችላል። 19 ሊትር ከተሞላበት ባልዲ ላይ የቀረችው የአንድ ሊትር ባዶ ቦታ ምን ያህል መሳለቂያ እንደ ነበረች አንባቢ ይፍረድ።

ሙቀቱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። እርሾ ግን በሞቀው መጠን ይፈጥናል፤ በፈጠነው መጠን ደግሞ ይሞቃል። በኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ ሙቀት የሚያመነጭ የኬሚካል ለውጥ ከቁጥጥር ሲወጣ የሚታየው መሽከርከር ይኸው ነው። ዕቃው ባደገ ቁጥርም ችግሩ ይብሳል። ከ20 ሊትር ባልዲ ወደ 20,000 ሊትር ገንዳ ብንሄድ፣ ቅርጹ ተመሳሳይ ሆኖ ይዘቱ በሺህ እጥፍ ሲያድግ ሙቀት የሚያስወጣው ገጽ የሚያድገው በመቶ እጥፍ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ሊትር የሚደርሰው የማቀዝቀዣ ገጽ ወደ አንድ ዐሥረኛ ይወርዳል ማለት ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚጠምቅ ሰው የሚቸገረው ይበልጡን በአረፋው ሲሆን፣ የፋብሪካ ጠማቂ ግን ይበልጡን በሙቀቱ ይቸገራል።

አረፋው በስንዴ ቢራ ላይ ለምን እንዲህ ይበረታል? አንደኛው ምክንያት ስንዴው ራሱ ነው፤ የስንዴ ብቅል በፕሮቲን የበለጸገ በመሆኑ የጋዙን ጉሽ በቀጭን ግን ጽኑ በሆነ ሽፋን ይጠቀልለዋል። ሁለተኛው እርሾው ነው። የዚህ ዐይነት እርሾ ሕዋሳት ከተባዙ በኋላ ወዲያው አይለያዩም፤ እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ይቆያሉ፤ ከጋዙ ጉሽ ጋርም ተጣብቀው ወደ ላይ ይወጣሉ። በታች ከሚዘቅጠው የእርሾ ዐይነት የሚለዩት በዚህ ነው። እንግዲህ ወደ ላይ የሚወጣው አረፋ ተራ ቆሻሻ አይደለም፤ ሠራተኛው ራሱ ነው። ክዳን ሲዘጋበት የሚታፈነውም እሱ ነው።

የባቫሪያ ጠማቂዎች ይህን ሁሉ በቁጥር ሳያውቁት በልምድ ያውቁት ነበር። በ1516 መስፍን ዊልሄልም 4ኛና ወንድሙ ሉድቪግ 10ኛ በኢንጎልሽታት ከተማ ያወጡት ዝነኛ ደንብ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውሃ በቀር ከሌላ እንዳይሠራ አዘዘ። በደንቡ ውስጥ እርሾ አልተጠቀሰም። ስንዴውም ከቢራ ተከለከለ፤ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ምክንያቱን ስንዴ ለዳቦ እንዲተርፍ መፈለጉ ነው ይላሉ። በ1553 ደግሞ መስፍን አልብሬክት 5ኛ ቢራ የሚጠመቀው ከመስከረም 29 እስከ ሚያዝያ 23 ባለው የቀዝቃዛ ወራት ብቻ እንዲሆን አዘዘ፤ በበጋ የተጠመቀው እየጎመዘዘ ስላስቸገረ ነው። ይህ ትእዛዝ እስከ 1850 ጸንቶ ቆይቷል። በመሐንዲስ ዐይን ሲታይ፣ ማቀዝቀዣ ያልነበረው አገር ሙቀቱን በመሣሪያ መቆጣጠር ቢያቅተው በዘመን መቁጠሪያ ተቆጣጠረው ማለት ነው።

የስንዴው ቢራ ግን ከዚህ ሥርዐት ውጭ የቆመ ነበር። ወደ ላይ የሚንሳፈፈው እርሾ ከ15 እስከ 20 ዲግሪና ከዚያም በላይ በሆነ ሙቀት በደኅና ስለሚሠራ፣ የባቫሪያ ክረምት በረዶ አያስፈልገውም። ዴገንበርግ የተባሉት መሳፍንት ቤተ ሰብ በባቫሪያ ጫካ አካባቢ፣ በሽቫርዛህ፣ ይህን ቢራ ለመጥመቅ ልዩ ፈቃድ ነበራቸው። በ1602 የዘር ሐረጋቸው ሲቋረጥ መስፍን ማክሲሚሊያን 1ኛ ፈቃዱን ለራሱ ወሰደ፤ በ1607 በኬልሃይም ከተማ የነጭ ቢራ ጠመቃ ቤት ተቋቋመ፤ በሙኒክም እንዲሁ። ገብስ ጠማቂው ሁሉ ከሚያዝያ በኋላ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ የመስፍኑ ነጭ ቢራ በሙቀቱ ወራትም ይሠራና ይሸጥ ነበር። የተገኘው ገቢ የባቫሪያን ግምጃ ቤት በሠላሳው ዓመት ጦርነት ዘመን ከደገፉት ምንጮች አንዱ ነበር። ዝንጉው አረፋ ለመስፍኑ ወርቅ ሆነለት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ እነዚያ ጠማቂዎች መገንፈሉን እንዴት ቻሉት? አልከለከሉትም። ገንዳቸው አፉ ሰፊ፣ ጥልቀቱ አነስተኛና ክዳን የሌለው ነበር። ጥልቀቱ ካነሰ በእያንዳንዱ ክንድ ገጽ ላይ የሚወጣው ጋዝ ያነሰ ስለሚሆን አረፋው ከፍ ብሎ አይቆለልም፤ ሙቀቱም ከሰፊው ገጽ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ የሚወጣውን፣ የሆፕስ ሙጫና የፕሮቲን ዝቃጭ የያዘውን ቡናማና መራራ አረፋ ገፈው ይጥሉታል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣውን ነጭና ወፍራም አረፋ ግን በጥንቃቄ ሰብስበው ለሚቀጥለው ጠመቃ ያኖሩታል፤ ይህም በእኛ አገር ጥንስስ ከሚሠራው ሥራ ጋር የሚቀራረብ ነው። የገነፈለው ሁሉ ኪሳራ አልነበረም ማለት ነው።

ስለ ክፍት ገንዳ ሲነሣ አንድ እንግሊዛዊ ሳይጠቅሱ ማለፍ አይገባም። ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1767 በሊድስ ከተማ ከአንድ የቢራ ጠመቃ ቤት አጠገብ ይኖር ነበር፤ በሚብላላው ገንዳ ላይ ተኝቶ የሚገኘውን ከአየር የከበደ ጋዝ ሻማ የሚያጠፋ መሆኑን እየተመለከተ ምርምር አካሄደ፤ በ1772ም ጋዙን ከውሃ ጋር የማዋሐድን ዘዴ አሳተመ። ዛሬ የምንጠጣው የለስላሳ መጠጥ ጋዝ ትውልዱ ከቢራ አረፋ ላይ ነው። ይኸው ጋዝ በዝቅተኛ ምድር ቤት ሲጠራቀም ሰው የሚገድል መሆኑ ግን ሊዘነጋ አይገባም፤ በቤት ውስጥ የሚጠምቅ ሰውም የሚተኛበትን ክፍል ለዚህ ሥራ ባይመርጥ ይሻለዋል።

ቁጥር ወደ ጠመቃ ቤት የገባው ከእንግሊዝ በኩል ነው። ጆን ሪቻርድሰን በ1784 በጭማቂው ውስጥ የሟሟውን ነገር መጠን በሳካሮሜትር የመለካትን ዘዴ አሳወቀ። በ1833 የሙኒኩ ገብርኤል ዜድልማየርና የቪየናው አንቶን ድሬሄር ወደ ብሪታንያ ተጉዘው ፋብሪካዎችን ጎበኙ፤ ውስጡ ባዶ በሆነ ምርኩዝ የጭማቂ ናሙና እየሰረቁ በማደሪያቸው ይለኩ እንደ ነበር ዜድልማየር ራሱ የጻፈው ነው። ሌብነቱ የሚያስመሰግን ባይሆንም በዚያ ምርኩዝ ወደ ባቫሪያ የገባው ዕውቀት የአገሩን የቢራ ሥራ ለውጦታል። ብሪታንያውያን በገንዳው ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያልፍበት የመዳብ ጠመዝማዛ ቧንቧ እየዘረጉ ሙቀቱን ያወጡ ነበር፤ ይህም አረፋውን ሳይነኩ የአረፋውን ምክንያት የሚይዝ መሣሪያ ነው።

በዚያው አገር ፒተር ዎከር የተባለ ሰው በ1838 የፈጠራ መብት ያወጣበት አሠራር ለስንዴ ቢራ የታሰበ ባይሆንም ለነገራችን ከሁሉ ይልቅ ይቀርባል። በበርተን ከተማ የእንጨት በርሜሎች በረድፍ ይደረደራሉ፤ ከእያንዳንዳቸው አናት እንደ ዳክዬ አንገት የታጠፈ ቧንቧ ይወጣል፤ የሚገነፍለው አረፋ በቧንቧው ወጥቶ ከላይ በተዘረጋ አሸንዳ ውስጥ ይፈስሳል፤ እርሾው በዚያ ይቀራል፤ ቢራው ግን ወደ በርሜሉ ይመለሳል። ግፊቱን ራሱን ሠራተኛ ያደረገ አሳብ ነው። ይህ አሠራር በበርተን በትልቅ የቢራ ጠመቃ እስከ 2024 ድረስ ይሠራበት ነበር።

በባቫሪያ ግን የነገሩ አካሄድ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ። ካርል ፎን ሊንደ የሠራው ማቀዝቀዣ መሣሪያ በ1873 በዜድልማየር ፋብሪካ ተተከለ፤ በ1876 ደግሞ በአሞኒያ የሚሠራውን አሻሻለ። ከዚህ በኋላ ቀዝቃዛ ወራት የሚፈልገው፣ በታች የሚዘቅጥ እርሾ ያለው ቢራ ዓመቱን ሙሉ ሊጠመቅ ቻለ። ረጋ ያለ፣ አረፋው የማያስቸግር፣ ለትልቅ ፋብሪካ የሚመች ሆነ። በ1883 ኤሚል ክርስቲያን ሃንሰን በኮፐንሃገን ከአንድ ሕዋስ የተባዛ ንጹሕ እርሾ በፋብሪካ ሥራ ላይ ሲያውል የቀዝቃዛው ቢራ ድል የተፈጸመ መሰለ።

የስንዴው ቢራ መዳከም የጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በዘውዱ መብት ሥር የነበሩት የነጭ ቢራ ቤቶች ገቢያቸው መንምኖ ነበር። የሙኒኩን ነጭ ጠመቃ ቤት በኪራይ ይዞ ይሠራ የነበረው ጌኦርግ ሽናይደር በ1872 ከንጉሥ ሉድቪግ 2ኛ የመጥመቁን መብት አግኝቶ የራሱን ሥራ ባያቋቁም ኖሮ፣ ይህ ዐይነት ቢራ ዛሬ በሙዚየም ብቻ የሚታወቅ ሊሆን ይችል ነበር። አንድ ሰው ብቻውን አዳነው ማለት የታሪክ አጻጻፍ ድክመት መሆኑን አዘጋጁ አይስተውም፤ ነገር ግን ገበያውና መሣሪያው ሁሉ ወደ ሌላ ወገን ባዘነበለበት ሰዓት አስቸጋሪውን እርሾ ይዞ መቅረት ቀላል ውሳኔ አልነበረም።

ምስጢሩ በኋላ በኬሚስትሪ ተገልጧል። የሙዙ ሽታ ኢሶአሚል አሲቴት ከሚባል ኤስተር፣ የቅርንፉዱ ሽታ ደግሞ 4-ቪኒል ጓያኮል ከሚባል ነገር ይመጣል። ኤስተሮቹ የሚበዙት በሞቃት መብላላት ሲሆን፣ በረጅምና በተዘጋ ገንዳ ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግፊት ሲያይል ይቀንሳሉ። ይህም ማለት የመገንፈሉ ምክንያት የሆኑት ሙቀቱና የእርሾው ብርታት የጣዕሙም ምክንያት ናቸው። አንዳንድ የባቫሪያ ጠማቂዎች ዛሬም ገንዳቸውን ዝቅ ያለና ክፍት አድርገው የሚይዙት ለቱሪስት ማሳያ ብቻ ብለው አይደለም።

በመጨረሻ ነገሩ ወደ ቤት ተመለሰ። በብሪታንያ በቤት ለሚጠመቅ ቢራ ይጠየቅ የነበረው ፈቃድ በ1963 ቀረ፤ በአሜሪካም ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 የፈረሙት ሕግ ለራስ ፍጆታ የሚጠመቀውን ቢራ ከፌዴራል ቀረጥ ነጻ አደረገው። ከዚያ ወዲህ የቤት ጠማቂዎች አንገቱ ጠባብ በሆነ የ19 ሊትር ጠርሙስ የስንዴ ቢራ እየሞከሩ የባቫሪያን አሮጌ ችግር እንደ አዲስ አገኙት። ያገኙት መፍትሔም አሮጌው ነው፤ በትንሿ የውሃ ቧንቧ ፈንታ ከጠርሙሱ አንገት ጋር የሚመጣጠን ወፍራም ጎማ ቱቦ ገጥመው ሌላውን ጫፍ በውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ መንከር ነው። ይህ የዎከር የዳክዬ አንገት ነው፤ ልዩነቱ የወጣው ወደ ጠርሙሱ አለመመለሱ ብቻ ነው። አረፋን የሚሰብር የሲሊኮን ጠብታ የሚጨምሩም አሉ፤ ይሠራል። ከሁሉ የከፋው ግን አረፋው ሲወጣ ደንግጦ ክዳኑን ማጥበቅ ነው፤ የተደፈነ የመስታወት ጠርሙስ ሲፈነዳ ጣሪያ በማቆሸሽ አያበቃምና።

ስለ ሙቀቱ ደግሞ በባቫሪያ ጠማቂዎች ዘንድ የሚነገር አጭር ደንብ አለ። እርሾው ሲጨመር የነበረው ሙቀትና መብላላቱ የሚፈጸምበት ሙቀት ሲደመሩ 30 ይሁኑ ይላል፤ በ12 ዲግሪ ከተጀመረ በ18 ይያዛል ማለት ነው። ከላይ የተሰላው የ11 ዲግሪ ሙቀት ሲታሰብ ደንቡ ከየት እንደ መጣ መገመት አይከብድም። እርሾው ራሱ የሚያሞቀውን አስቀድሞ ቀንሶለት ይነሣል።

ሁለተኛው ጠመቃ የተካሄደው በዚሁ ደንብ ነው። 30 ሊትር በሚይዝ ባልዲ 20 ሊትር ብቻ ተሞላ፤ እርሾው በ12 ዲግሪ ተጨመረ፤ ባልዲው ቀዝቃዛ ውሃ በያዘ ገንዳ ውስጥ ተቀመጠ፤ ውሃው ጠዋትና ማታ በበረዶ ተለወጠ፤ ወፍራም ቱቦም ተገጠመ። ቴርሞሜትሩ አንድም ቀን ከ17 ዲግሪ አላለፈም። አረፋው ከክዳኑ አራት ጣት ዝቅ ብሎ ቆመ፤ በቱቦው አንዲት ጠብታ አልወጣችም። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሽማግሌው ተጠርተው መጡ። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው አዩት፤ አሸተቱት፤ አንድ ጊዜ ጎንጨት አሉለት።

«ቅርንፉዱስ ደኅና ነው» አሉ። ብርጭቆውን አስቀመጡና ከጣሪያው ላይ ገና ያልለቀቀውን ቢጫ ምልክት ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱ። «ሙዙን የት አደረስከው?»